ከገና በኋላ

ኅዳር 5 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ጂንካ

ዛሬ የአጥቢያችን ሽማግሌዎች ጠሩኝ። የታኅሣሥን አራት እሑዶችና የገናን ዕለት ለእኔ ሰጥተውኛል። ርእሱ «አምላክ ሰው ሆነ» የሚል ነው። በዚያ ላይ በኦሞራቴና በሃና ከተሞች ላሉት ወንጌላውያን የሚሆን ትንሽ የማስተማሪያ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ተወስኗል። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ጎሳዬ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «ጸጋአብ፣ ከደረሰብህ ነገር በኋላ አገልግሎት ያጽናናሃል» አለኝ።

የደረሰብኝን ነገር አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ባለቤቴ መሲ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ እናቷ ዘንድ ወጥታ ነበር። ከጂንካ በላይ፣ መኪና የማይገባበት መንደር ነው። መስከረም 20 ምጥ ያዛት። ሦስት ቀን አማጠች። ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር። እኔ ሃና ሥልጠና እየሰጠሁ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ አልነበረም። ስደርስ ቀብረውታል።

ከዚያ ወዲህ መሲ ሽንቷ አይያዝላትም። ቀንም ሌሊትም ይፈስሳል። ሆስፒታል ቱቦ አድርገውላት ነበር፤ ቱቦው ሲወጣ ያው ሆነ።

ጌታ ያውቃል።

ኅዳር 9

የሆስፒታሉ ነርስ ዛሬ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ምጡ ሲረዝም የልጁ ጭንቅላት የፊኛዋን ሥጋ ተጭኖ ጎድቶታል፣ ተበስቷል። ፌስቱላ ይባላል። ሌላ ከተማ በነፃ የሚጠግኑበት ሆስፒታል አለ፤ ሪፈር ጻፈችልን። «አትቆዩ። አስታማሚ ይዛ ትሂድ» አለች። ይህን ስትል እኔን ነበር የምታየው። ወረቀቱን ተቀብዬ መጽሐፍ ቅዱስ በምይዝበት ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

ስንመለስ መሲ ከኋላዬ ቀርታ ነበር የምትራመደው። ድሮ ጎን ለጎን ነበር የምንሄደው። እኔ አልፈጠንኩም፤ እሷ ናት ወደኋላ ያለችው።

ከገና በኋላ እወስዳታለሁ። ጥቂት ሳምንት ነው።

ኅዳር 14

ሳሎን መተኛት ጀመርኩ። መብራቱ ይሻላል፣ ማለዳ ተነስቼ ለማንበብም ይመቻል። መሲ ፍራሹን ራሷ አነጠፈችልኝ።

ኅዳር 19

ጎረቤታችን ሐቢባ ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች። ሙስሊም ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ወደ ገበያ ሳትወርድ እኛ ዘንድ ትገባለች። ትርፍራፊ ጨርቅ ታመጣለች፣ የመሲን የረጠበውን ሰብስባ አብራት ታጥባለች። ሲስቁ እሰማቸዋለሁ። ከእኔ ጋር ግን መሲ ከሳቀች ቆየች።

ያጠቡትን አጥር ላይ ያሰጡታል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ነው። ዛሬ ሐቢባን «ጓሮ ብታሰጡት አይሻልም?» አልኳት።

«ጓሮ ፀሐይ የለም፣ ወንጌላዊ» አለችኝ።

«ሰው ያያል እኮ።»

«ጨርቅ ነው። ይየው።»

ገብቼ የመጀመሪያውን ትምህርት ጻፍኩ። ክብሩን ትቶ መጣ የሚለውን።

ኅዳር 27

መሲ «መቼ እንሄዳለን?» አለች። ከገና በኋላ አልኳት። «ከገና በኋላ» ብላ ደገመችው፤ እንደ አዲስ ቋንቋ፣ እየቀመሰች።

ታኅሣሥ 2

የመጀመሪያው ትምህርት ዛሬ ነበር። ሰው ጸጥ ብሎ ነው የሰማው። ሰማይ የማይበቃው ጌታ ዘጠኝ ወር በአንዲት ድሃ ልጅ ማኅፀን አደረ አልኩ። እንደ ማንኛችንም በምጥ ወጣ አልኩ። ይህን ስል ድምፄ ትንሽ ተሰበረ። ሰው ደስ አለው።

የመሲ እናት እማማ ቦሼ ልጃቸውን ሊያዩ ከላይ ወርደው፣ እሳቸውም ከኋላ ተቀምጠው ሰምተዋል። አማርኛ የተማሩት በስተርጅና ነው፤ በቤታቸው በአሪኛ ነው የሚነጋገሩት። ሲወጡ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ማርያም ምጥ ሲይዛት ማን ያዛት? እናቷ ነበረች?»

«መጽሐፉ አይልም፣ እማማ።»

«ዮሴፍስ ነበረ?»

«ነበረ።»

«እሱ ጥሩ ነው» አሉና ወደ ልጃቸው ሄዱ።

ስለ ዮሴፍ ብቻ ነው የጠየቁት። ሌላ ትርጉም መስጠት አያስፈልግም።

ታኅሣሥ 7

መዘምራኑ ከልምምድ ሲወጡ አንዲቱ «ወንጌላዊው መስቀሉን ተሸክሞ ነው የሚያገለግለን» ስትል ሰማሁ። ተጽናናሁ። ለመሲ ልነግራት ጓዳው በር ድረስ ሄጄ ነበር። ከዚያ መስቀሉ ማን እንደሆነች ታየኝና ተመለስኩ።

ታኅሣሥ 9

ሁለተኛው ትምህርት። ራሱን ዝቅ አደረገ። ሕዝቡ ብዙ ነው። መሲ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሳልጨርስ ወጣች።

ታኅሣሥ 10

ጋሽ ጎሳዬ ቤት መጣ። ሻይ አልፈልግም አለ፤ ሳሎን ገብቶ ከበሩ ጥግ ተቀመጠ። መጥፎ ሰው አይደለም። ልጃችን የሞተ ጊዜ ከእኔ ጋር ሦስት ቀን የሰነበተ እሱ ነው። ብዙ ዞሮ ዞሮ ተናገረው፤ «እህታችን እስክትድን ቤት ሆና ብትጸልይ ለእሷም ይቀላታል። ሰውም እንዳይፈተን።»

እሺ አልኩ።

ለመሲ በሌላ ቃል ነገርኳት። «ዕረፍት ያስፈልግሻል፤ ለጊዜው ባትመጪስ?» አልኳት።

«ማነው ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

ጋሽ ጎሳዬን እንዳትቀየም ብዬ ነው። እንዲያ ነው ያሰብኩት። አሁን ሳነበው ግን የባሰውን የነገርኳት ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 13፣ ኦሞራቴ

በአይሱዙ መጣሁ። ሙቀቱ አያስተነፍስም። ትምህርቱ ቆርቆሮ ጣራ ሥር ነው። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ ያቤጽ የሚባል የዚህ አገር ወንጌላዊ ወደ ዳሰነች ቋንቋ ይመልሰዋል።

ከሰዓት በኋላ ከሴቶቹ አንዲት ትልቅ እናት እጅ አወጡ። ያቤጽ ተረጎመልኝ፤ «ሲወለድ አለቀሰ ወይ? ብለው ነው የሚጠይቁት።»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ዝግጁ መልስ ነበረኝ። ፍጹም ሰው ስለሆነ አለቀሰ፣ እንደ እኛ ልጆች ሁሉ አለቀሰ አልኩ። ያቤጽ ሲመልሰው ሴቶቹ ተደሰቱ፣ እርስ በርስ ተነጋገሩ። ልጅ ካለቀሰ ደህና ነው ይላሉ አለኝ።

ዕረፍት እንውጣ አልኩ። ገና አጋማሽ ላይ ነበርን።

ወንዙ ዳር ሄጄ ቆምኩ። የኔ ልጅ አላለቀሰም። ምን ይመስል እንደነበረ አላውቅም። መሲን አልጠየቅኳትም፤ እንዳላሳዝናት ብዬ። አሁን ብጠይቃት ትነግረኛለች?

ታኅሣሥ 14፣ ኦሞራቴ

መሲ ደወለች። ሐቢባ ልትወስዳት ተነስታለች። ጨርቋን ለእህቷ ሰጥታ፣ ሥራዋን ትታ።

«ወረቀቱን የት አደረግከው? ቤቱን ሁሉ ፈለግነው።»

ያኔ ቦርሳውን ስከፍት ወረቀቱ ውስጥ ነበር። ከቤት ይዤው ወጥቻለሁ። አላወቅኩም ነበር። ዳሩ በላብ ርሷል።

ሐቢባ ከወሰደቻት ሰው ምን ይላል? ወንጌላዊው ገናን ሲያስተምር ሚስቱን ጎረቤት አሳከመች ይላል። ይህ ሁሉ በአንዴ ነው የመጣብኝ።

«እዚያው ይኖራል። ስመለስ እፈልገዋለሁ። ከገና በኋላ አብረን እንሄዳለን» አልኳት።

ወረቀቱ በእጄ ነበር።

ታኅሣሥ 16

ሦስተኛው ትምህርት። ድካም። ምንም አልጽፍም።

ታኅሣሥ 21

መብራት ሄዶ ዋለ። ጽሑፉን የሚተይብልኝ ልጅ ነገ ና አለኝ። ወረቀቱን «አገኘሁት» ብዬ ልሰጣት ሁለት ጊዜ ጓዳ ድረስ ሄድኩ። ሽታው በር ላይ ይቀበለኛል። መጥፎ ሽታ ነው ማለቴ አይደለም። ማለቴ ነው።

የምጽፈው ስለ ሥጋ ነው፤ ሥጋ አጠገብ ቆሜ መቆየት ግን አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 23

አራተኛው። አልቋል። የቀረው የገና ስብከት ነው።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

በትክክል ልጽፈው ይገባኛል።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሞ ነበር። ስብከቱ ሦስት ነጥብ ነው ያለው። ነጥብ አንድ፤ በሩቅ ሆኖ አላዳነንም። ነጥብ ሁለት፤ ሥጋችንን አልተጸየፈም። ይህን እያስረዳሁ ሳለ መሲ በዋናው በር ገባች። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተሠርታለች። ሐቢባ እስከ በሩ አድርሳት ነው የተመለሰችው። መሲ በመሃል አልፋ ሁለተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች።

መጀመሪያ አጠገቧ ያለችው ነጠላዋን ሰበሰበች። ቀጥሎ ሌላዋ ልጇን አንስታ ወደ ኋላ ሄደች። ከዚያ ወንበሩ ቀስ እያለ ባዶ ሆነ። መሲ ብቻዋን ቀረች። እኔ እየተናገርኩ ነበር። ጋሽ ጎሳዬ ለባለቤቱ በዓይኑ ምልክት ሰጣት። እሷ ሄዳ መሲ ላይ ጎንበስ አለች። በዝግታ ብትናገርም ወንበሩ ለመድረኩ ቅርብ ስለሆነ ሰምቻታለሁ፤ «ነይ የኔ እናት፣ ውጭ አየር ይሻልሻል።»

መሲ አልተነሳችም። እኔን አየችኝ።

ረዥም ነገር አይጠይቅም ነበር። «ተያት» ብል ይበቃ ነበር። ከመድረኩ ወርጄ አጠገቧ ብቀመጥ ማን ምን ይለኛል? ሰው እንዲያውም ሊያለቅስ ይችል ነበር። ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ አስቤዋለሁ።

ነጥብ ሦስት ላይ ነበርኩ። ነጥብ ሦስትን ጀመርኩ። ዛሬም ከእኛ ጋር ነው የሚለውን።

ተነሳች። ቀሚሷ ከኋላ ርሷል፤ በነጠላዋ ሸፈነችው። በመጣችበት መሃል ለመሃል ወጣች።

ሲያልቅ ጋሽ ጎሳዬ አቅፎኝ አለቀሰ። «እንዲህ ያለ የገና ስብከት ሰምቼ አላውቅም» አለኝ። ሁሉም ተባርከናል አሉኝ። ስወጣ ሁለት ወጣቶች ያንን ወንበር ጓሮ አውጥተው በበረኪና ያጥቡታል። ማንም አላዘዛቸውም። ጥሩ ልጆች ናቸው።

ቤት ስደርስ መሲ የለችም። ሐቢባ በሯ ላይ ቆማ «እናቷ ዘንድ ወጣች» አለችኝ። ሌላ ነገር ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። ገብታ በሯን ዘጋች።

ጥር 3

ዛሬ ወጣሁ። ዳገቱ እንዲህ ረዥም መሆኑን ረስቼው ነበር። ምጥ የያዛትን ሰው በቃሬዛ ይዞ መውረድ ስንት ሰዓት ይፈጃል እያልኩ አሰላ ነበር። ሦስት ሰዓት። ቢበዛ አራት።

መሲ ከእንሰቱ ሥር ተቀምጣ በቆሎ ትፈለፍላለች። እናቷ በሩ ላይ ናቸው። እማማ ቦሼ በርጩማ አወጡልኝ፤ ከእሷ ራቅ አድርገው አስቀመጡልኝ። እኔ የምወደውን ቦታ ያወቁ መሰለኝ።

«ልወስድሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«የት?»

«ወደ ቤትሽ።»

መፈልፈሏን አላቆመችም። «የገና ዕለት ያልከውን ሰምቻለሁ። በሩቅ ሆኖ አላዳነንም አልክ። ከሳሎን ጓዳ ስንት እርምጃ ነው፣ ጸጋአብ?»

የለመድኩትን ነገር ጀመርኩ፤ «ያኔ ሃና ኔትወርክ ቢኖር ኖሮ…»

«ልጄ» አሉ እማማ ቦሼ። «ስልክ እኔ ነኝ ያስደወልኩ። አትዋሽ።»

መሲ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዘውልኝ ነበር። እናቴ በቃሬዛ እናውርዳት ስትልህ፣ ነገ ሥልጠናው ያልቃል፣ መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ጸልዩ፣ ጠብቁኝ አልክ። እኔም ጠበቅኩህ።»

እውነት ነው። ስልኩ ሠርቷል፤ ድምፃቸውን በደንብ ሰምቻለሁ። የመሲንም ጩኸት ከኋላ ሰምቻለሁ። በማግስቱ ሥልጠናው አለቀ፣ የምስክር ወረቀት ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ከሃና የሚወጣ መኪና ጠፋ። በዚህ ደብተር ላይ እንኳ ኔትወርክ አልነበረም ብዬ ነው የጻፍኩት። ማን እንዲያነበው እንደፈለግኩ አላውቅም።

«ምን ይመስል ነበር?» አልኳት። «ልጁ።»

የያዘችውን በቆሎ አስቀመጠች። «የሱን ነገር ለራሴ ተወው» አለች። «ወረቀቱን ብቻ ስጠኝ።»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ከየት እንዳወጣሁት አየች። አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ጥር 8

ሐቢባ መሲን ወደ ሆስፒታሉ የምትወስድበት ቀን ነው፤ ማለዳ መናኸሪያ ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። ሐቢባ የመሲ መቀመጫ ላይ ላስቲክ ስታነጥፍ ረዳቱ አጉረመረመ፤ ሐቢባ እንዲህ አለችው፤ «እናትህ በምን ወለደችህ? ዞር በል ከፊቴ!» ተሳፋሪው ሁሉ ሰማ። ረዳቱ ዞር አለ።

እኔ ያላልኩትን አለችው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የፈጀባት። የእኔን ሃይማኖት አታምንም፤ አምላክ ሰው ሆነ ብትላት አስተግፊሩላህ ነው የምትለው።

ወደ መሲ መስኮት ቀረብኩ። «ልምጣ? አሁን ልግባ?» አልኳት።

«እሑድ ትምህርት አለህ» አለችኝ።

አልነበረኝም። አላረምኳትም።

ጥር 16

አምላክ ሰው መሆኑን አሁንም አምናለሁ። የከበደኝም እሱ ነው፤ ባላምን ይቀለኝ ነበር። ደህና ሰዎች ዘንድ ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ እኔ ዘንድ ቆይቷል ብዬ ራሴን አታልል ነበር። ግን ራሴ አስተምሬዋለሁ፤ የሚመጣው ሥጋ ወዳለበት፣ ደምና ውሃ ወዳለበት ነው። እንግዲያው ያን ሁሉ ሳምንት የነበረው ጓዳ ነው። እኔ በሩን ዘግቼ ስለ እሱ እጽፍ ነበር።

መጸለይ ጀምሬ ተውኩት። ድምፄን ሳሰማ ስብከት ይመስለኛል።

ጥር 25

ሽማግሌዎች ጠሩኝ። የገናው ትምህርት ታትሞ ተሰራጭቷል። ኦሞራቴም ሃናም ወድደውታል። ከመጋቢት ጀምሮ የዞኑ አስተማሪ እንድሆን ተመርጫለሁ። ለጋሽ ጎሳዬ «አይገባኝም» ልለው አስቤ ነበር። ስለ መሲም፣ ስለ ስልኩም፣ ስለ ወረቀቱም ልነግረው። «ጋሽ ጎሳዬ፣ እኔ ጥፋተኛ ነኝ» አልኩት።

«ማን ያልሆነ አለ?» አለኝ። ፈገግ አለ። «ትሕትናህ ነው እንድንመርጥህ ያደረገን።»

ፈረምኩ።

የካቲት 6

ሐቢባ ለእህቷ ደውላ እህቷ ናት የነገረችኝ። ቀዶ ሕክምናው ተደርጓል። አልያዘም። ዶክተሩ «ለምን ይህን ያህል ቆያችሁ?» ብሎ ጠይቋቸዋል። ምን ብለው እንደመለሱለት አልጠየቅኩም። ከወራት በኋላ ሌላ ይሞከራል፤ እሱም እንደሚይዝ ዋስትና የለም ተብሏል።

የካቲት 11

አምስት ቀን ስልኩን እያነሳሁ አስቀመጥኩ።

የካቲት 12

ከአምልኮ በኋላ ደወልኩ። ሐቢባ ናት ያነሳችው። ከኋላዋ የብዙ ሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ የተለያየ አማርኛ፣ የተለያየ ቋንቋ። ሁሉም እንደ መሲ የሆኑ ናቸው አለችኝ። አንዲቱ ስትደማ ሌላዋ ታጥባታለች። መሲ በቅርቡ የመጣች አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ታስታምማለች፤ ሌሊት አብራት ነው የምታድረው። ከሐመር ነው የመጣችው፣ ማንም ቋንቋዋን አያውቅም፤ መሲ ግን ትንሽ ትንሽ ትሞክራለች።

«ደህና ናት?» አልኩ።

«ትበላለች። ትስቃለች። እንዳለች ናት፤ አልተዘጋላትም።»

«ታቀርቢልኛለሽ?»

ስልኩን በእጇ የሸፈነችው መሰለኝ፤ በደንብ ግን አልሸፈነችውም። የመሲን ድምፅ ሰማሁ። ቅርብ ነበረች። «ተኝታለች በይው» አለች። ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ዞራ አንድ ነገር ተናገረች፣ ልጅቷን ነው መሰለኝ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፤ እንደዚያ ባለ ድምፅ ያናገረችኝን ጊዜ አስታወስኩ።

ሐቢባ ተመለሰች። «ተኝታለች፣ ወንጌላዊ» አለችኝ። ውሸት አልለመደችም፣ ድምፅዋ ከበዳት።

«እሺ» አልኩ። «አታስነሻት።»